ሊብሬ የሌለው ታሪክ

ዛሬ የማነሣው የአንድ አሮጌ የፈረንሳይ መኪናን ሽያጭ ነው። «የአገር ጉዳይ ተትረፍርፎ ሳለ ስለ ሰው አገር መኪና ምን አገባህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ከታገሠኝ ነገሩ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ አሳየዋለሁ።

መኪናው «ላ ማርኪዝ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1884 ዴ ዲዮን የተባሉ ፈረንሳዊ ባላባት፣ ቡቶንና ትሬፓርዱ ከተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ጋር ሆነው ያሠሩት ነው። ስሙን ያወጡለት በእናታቸው ማዕረግ ነው። የሚንቀሳቀሰው በእንፋሎት ስለሆነ ከመነሣቱ በፊት እሳት አንድዶ ውኃው እስኪፈላ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ መጠበቅ ግድ ይላል። ተሳፋሪዎቹ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1887 አንድ የብስክሌት መጽሔት ባሰናዳው ውድድር ላይ ቀረበ፤ ሌላ ተወዳዳሪ ባለመምጣቱም ብቻውን ሮጦ ብቻውን ጨረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1906 አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ገዛው፤ ለ81 ዓመታትም ከዚያ ቤት አልወጣም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከነሐስና ከመዳብ የተሠሩ ክፍሎቹ ለጦርነቱ ተብለው ተነቀሉ። ኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ታደሰ፤ የጥንት መኪናዎች በየዓመቱ ከለንደን ወደ ብራይተን በሚያደርጉት ጉዞም አራት ጊዜ ተካፈለ። ከዚያ አሜሪካ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2007 በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ደግሞ በ4.62 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሸጠ።

እስቲ እናስብ፤ ገዢው የከፈለው ለምንድን ነው? ለብረቱ እንዳይባል የመኪናው ክብደት አንድ ቶን ገደማ ነው። ለመጓጓዣ እንዳይባል ዛሬ በየከተማችን የሚርመሰመሰው ባጃጅ ከእርሱ ይልቅ ለሥራ ይመቻል። የተከፈለው ለማኅደሩ ነው። ማን ሠራው፣ ማን ነዳው፣ ከማን ወደ ማን ተላለፈ፣ ምን ተነቀለበት፣ ምን ተተካለት የሚለው ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ያው ዕቃ የአሮጌ ብረት ክምር ነበር።

በአገራችን መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሰነድ አለ፤ ሊብሬ ይባላል። የባለቤቱ ስም፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር፣ የተሠራበት ዘመን በእርሱ ላይ ይሰፍራሉ። ሊብሬ የሌለው መኪና በመኪናነቱ አይሸጥም። የሚሸጠው በብረትነቱ ነው። እኔ እንደማምነው፣ የደቡብ ምዕራብ የቡና ምድራችን መከራ በአንድ ቃል ይጠቃለል ቢባል ቃሉ ይኸው ነው። ሀብቱ አለ፣ ታሪኩም አለ፤ ሊብሬው ግን የለም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ መዘርጊያ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ኋላ የተከናወነው በፈረንሳይ ኩባንያ ነው። በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ ፈረንሳዮች ከፓሪስ እስከ ሩዋን ድረስ በዓለም የመጀመሪያው የሚባለውን ትልቅ የመኪና ውድድር አካሄዱ። የዴ ዲዮን የእንፋሎት መኪና ቀድሞ ቢደርስም የመጀመሪያውን ሽልማት ፔጆና ፓናር ተካፈሉት። እንግዲህ እነርሱ መኪና ሲያሽቀዳድሙ እኛ ከእነርሱ ጋር የባቡር ውል ይዘን ነበር ማለት ነው።

ያ ፈቃድ ሦስት ክፍሎች ነበሩት። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚወርድ ነበር። ልብ በሉ፤ ከፋ በዚያን ጊዜ በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር መንግሥት ነበር። የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ዘምቶ የከፋውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን የማረከው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሐዲዱ በወረቀት ላይ ሲሰመር ባለአገሩ አልተጠየቀም ነበር።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ሐረርን ግን አላያትም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጋት አልተራመደም። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ከአዲስ አበባ በጅማ አድርጎ ወደ ጉራፈርዳና ወደ ዲማ የሚዘልቅ መስመር በካርታ ላይ ተሥሎ አይተናል። እርሱም እንደ ቀዳሚው በካርታ ላይ ቀረ። አፄውም ደርግም ኢሕአዴግም አልፈው፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በኋላ የከፋና የቤንች ቡና ዛሬም ሐዲድ አያውቅም።

መኪናውስ? የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ያመጣት ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ሌላ አስከተለ። ፈረንሳዮች በሐዲዱ ቢቀድሙም በመኪናው ተቀደሙ ማለት ነው። ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን ተልከው የመኪና ሙያ የተማሩት በዚያው ሰሞን ነው። እግረ መንገዳቸውንም ድምፃቸውን በሸክላ ቀዱ፤ ያ ሸክላ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያው ቅጂ ለመሆን በቃ። ከመቶ ዓመት በኋላም እንደ አዲስ ታትሞ ተደመጠ። ሸክላውን ጠብቆ ያቆየ፣ መዝግቦ ያኖረ ሰው ስለነበረ ነው እንጂ እርሱም እንደ ብዙው ነገራችን አፈር በበላው ነበር።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ልመለስ። ይህ ምድር መኪና ያየው ዘግይቶ ነው። ቡናው በበቅሎ ጀርባ እየተጫነ ወደ ጅማ ይወጣ ነበር። የኢሉባቦር ቡና ደግሞ ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ባሮ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ኋላም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ቡና በጆንያ እየጫኑ መመላለስ ያዙ። በዚህ አካባቢ ከመንገድ በፊት አውሮፕላን ገባ ብንል አልተጋነነም። ቀስ በቀስ ጭቃውን እየቀዘፉ ላንድሮቨሩና ኤንትሬው መጡ። በ1960ዎቹ የተቋቋመው የበበቃ እርሻ፣ በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ የነበረው ቴፒም ትራክተራቸውን፣ የቡና መፈልፈያቸውንና ጄኔሬተራቸውን ይዘው ተስፋፉ። ዛሬ ሥርዓቱም የእርሻው ይዞታም ተለውጧል። አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ግን በየጓሮው ቆመዋል፤ ከቆሙበትም እየተነሡ ነው።

እንዴት እየተነሡ እንደሆነ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ በአንድ የቡና መጋዘን ጀርባ አንድ ኤንትሬ ቆሞ አየሁ። ጎማ የለውም። የሹፌሩ ክፍል ውስጥ ሐረግ በቅሏል። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥርና አንድ ቃል ይነበባል፤ «ይወገድ» ይላል። ግቢውን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ነበሩ።

«አባባ፣ ይህ መኪና ዕድሜው ስንት ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ይሠራ ነበር። ጅማ ለመድረስ በክረምት ሳምንት የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። ጭቃ ሲይዘው እየወረድን ገፍተነዋል» አሉኝ።

«ሊብሬው አለ?»

ሳቁ። «ሊብሬው ቢኖርማ መኪና ነበር፤ አሁን ብረት ነው። በኪሎ ተጫርቷል፤ ሰሞኑን ቆርጠው ይወስዱታል።»

በዚህ ውስጥ ሕግ የጣሰ አንድም ሰው የለም። ጨረታው በደንቡ ወጥቷል፣ ገንዘቡም በደንቡ ገቢ ሆኗል። ብረቱ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል፤ ቀልጦም የአንድ ሕንፃ ፌሮ ይሆናል። የጠፋው ነገር በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ ስላልነበረው ማንም አልጎደለብኝም አላለም። የጠፋው መኪናውን የገፉት ሰዎች ታሪክ ነው። ጭቃው ውስጥ ያደሩት ሹፌሮች፣ ረዳቶቹ፣ ቡናውን ለቅመው ቀኑን ሙሉ ተሸክመው ወደ ሚዛኑ ያመጡት ሴቶች ታሪክ ነው።

ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ ተገኝተው፣ በአገራቸው የገንዘብ ድጋፍ የታደሰው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተመርቋል። የቀድሞው ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይጠቀሙባቸው የነበሩ መኪናዎችም ተወልውለው ለጎብኚ ቀርበዋል። መልካም ሥራ ነው፤ አልቃወምም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። እነዚያን መኪናዎች ለመግዛት የወጣው የውጭ ምንዛሪ ከየት መጣ? በዚያ ዘመን የአገሪቱ ዋነኛ የወጪ ንግድ ቡና እንደነበር ማንም ያውቃል። ስለዚህ የንጉሡን መኪና የገዛው ኤንትሬው ነው ብል እውነቱን ተናገርሁ እንጂ አላጋነንሁም። የንጉሡ መኪና በቤተ መዘክር ተቀምጧል፤ ኤንትሬው ግን በኪሎ ተመዝኗል። ምን ልናስታውስ እንደምንፈልግና ምን ልንረሳ እንደፈቀድን ከዚህ ይታያል።

«ይህ የናፍቆት ወግ ነው፤ ሕዝብ በኑሮ ውድነት እየተጠበሰ ስለ አሮጌ ብረት ታወራለህ» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አሮጌ መኪና በሚሊዮን ዶላር መግዛት የባለጸጎች ጨዋታ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የማኅደር ዋጋ የባለጸጎች ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ከዚያው ከቡና ምድራችን አለ፤ ጌሻ የሚባለው ቡና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ጌሻ በሚባለው ምድር የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ኮስታሪካ ወደሚገኝ የምርምር ጣቢያ ተሻገረ። እዚያ ሲደርስ ቲ 2722 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ከየት እንደመጣና በየት በኩል እንዳለፈ ተጻፈ። ሊብሬ ወጣለት ማለት ነው። ከዚያ ፓናማ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ሲያወጣ ዓለም ተደነቀ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በዚያው አገር አንድ ኪሎ ጌሻ 30,204 ዶላር ወጣ። አዎን፣ አንድ ኪሎ!

የቴፒና የበበቃ ገበሬ በዚያው ዘመን ምን አገኘ? በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ምርት ገበያው ሲገባ የአንዱ ማሳ ከሌላው ማሳ ጋር እየተቀላቀለ በአካባቢና በደረጃ ብቻ ይመደብ ጀመር። የገበሬው ስም መጋዘን ደጃፍ ላይ ይቀራል። ሥርዓቱ የዋጋ መረጃን ለገበሬው ማድረሱን አልክድም፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማም አሠራሩ እንዲላላ ተደርጓል። ሆኖም ለዓመታት ስም የሌለው ቡና ስንሸጥ ኖረናል። አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን ለመግታት ባወጣው ሕግ እያንዳንዱ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ተፈጻሚነቱ ተደጋግሞ ቢራዘምም ጥያቄው አልቀረም፤ ሊብሬ አምጡ እየተባልን ነው። ያን ጊዜ በፈቃዳችን ያልጻፍነውን ዛሬ በግዴታ፣ በጥድፊያ፣ በሌሎች ቅጽ ላይ ልንሞላው ነው።

አሮጌውን ኤንትሬና ጌሻን ያገናኘኋቸው በዚህ ምክንያት ነው። የማይመዘግብ ሰው መኪናውን በብረት ዋጋ፣ ቡናውንም በጆንያ ዋጋ ይሸጣል። የሚመዘግበው ደግሞ ሁለቱንም ገዝቶ፣ ታሪካቸውን ጽፎ፣ በብዙ እጥፍ ይሸጣቸዋል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ንግድ ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ በጀት የማይጠይቁ ሦስት ነገሮችን ልጠቁም።

አንደኛ፣ የመንግሥትም ሆነ ወደ ግል የተዛወረ እርሻ አሮጌ መሣሪያውን ለጨረታ ሲያወጣ የሚሞላው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ይህ ዕቃ የአካባቢ ታሪክ አለውን?» የሚል። የቅርስ አዋጃችን ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ምዝገባ ይደነግጋል፤ የቅርስ ባለሥልጣንም አለ። ችግሩ ቅርስ ሲባል ዓይናችን የሚያየው ታቦት፣ ብራናና ሐውልት ብቻ መሆኑ ነው። የቡና መፈልፈያ፣ የመጋዘን ሚዛንና ኤንትሬ በአእምሯችን ቅርስ አይደሉም። አሥር ዕቃ ተጠይቆ ዘጠኙ ቢሸጥ ግድ የለም፤ አንዱ ይትረፍ።

ሁለተኛ፣ የሚተርፈው ወዴት ይሂድ ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቦንጋ ላይ በሚሌኒየሙ ምክንያት የተጀመረ ብሔራዊ የቡና ቤተ መዘክር አለን። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አካባቢው ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫም የክልሉን መቀመጫነት ተካፍለውታል። አራት መቀመጫ ያለው ክልል ለአንድ ኤንትሬ ጥላ የሚሆን ቆርቆሮ አያጣም። ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲም በደጃፉ ነው። ተማሪዎቹ በአንድ ክረምት ብቻ የጥንት ሹፌሮችን፣ የጋራዥ ሠራተኞችንና የቡና ለቃሚዎችን ቃል ቢቀዱ፣ ገንዘብ የማይገዛው ማኅደር ይኖረን ነበር። እነዚያ አዛውንቶች ግን አይጠብቁንም። በዚያ ማኅደር ውስጥ መራራውም አብሮ ይጻፍ። የከፋ መንግሥት መውደቅ፣ የባሪያ ንግዱ፣ ደኑን መንጥሮ የተስፋፋው እርሻ፣ ከሩቅ መጥቶ በወባ የተጠቃው የቀን ሠራተኛ አይዘለሉ። የሚያኮራው ገጽ ብቻ የተጻፈበት ሊብሬ የሐሰት ሊብሬ ነው።

ሦስተኛ፣ ሕጋችን እርጅናን እንደ ጥፋት ብቻ ማየቱን ይተው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከዋጋቸው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ጭሱንና የነዳጅ ወጪውን ለመቀነስ ከሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ላ ማርኪዝን ገዝቶ ላስገባ የሚል ቢኖር ግን የጉምሩክ ሠራተኛው ምን ይለው ይሆን? በቤንዚን አይሠራም፣ በኤሌክትሪክም አይሠራም፤ በከሰል ነው! ቀልዱን ትተን፣ በአገር ውስጥ ያሉትን አሮጌ መኪናዎች ጠብቀውና አድሰው ለያዙ ሰዎች የተለየ መዝገብና መጠነኛ ማበረታቻ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። ሙያው እንደሆነ አለን። በሐረርና በድሬዳዋ ጎዳና ፔጆ 404ን ለዓሠርት ዓመታት በታክሲነት ያቆዩት መካኒኮች የፈረንሳይን ብረት ማደስ ከማን ያንሳሉ? ያደረጉትን ማንም «ጥንታዊ መኪና እድሳት» ብሎ አልጠራላቸውም እንጂ ሥራው ያው ነው።

በነገራችን ላይ፣ መሸጥ ኃጢአት ነው እያልሁ አይደለም። ላ ማርኪዝም ተሽጧል፤ ተሽጦም ክብሩ አልጎደለም። የሚያሳፍረው ምን እንደሸጥን ሳናውቅ መሸጣችን ነው።

ከአዛውንቱ ዘበኛ ጋር ስንሰነባበት ስማቸውን ጠይቄ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ። መኪናውን የገፉበትን ዓመትና የሹፌሩንም ስም ነገሩኝ፤ ጻፍሁት። በሌላ ጊዜ በዚያ በኩል ሳልፍ ኤንትሬው የቆመበት ቦታ ባዶ ነበር። ቡና ተሰጥቶበታል። የዚያ መኪና ሊብሬ አሁን በእኔ ደብተር ውስጥ ያለችው ግማሽ ገጽ ብቻ ናት። እናንተም በየአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ግማሽ ገጽ የሚወጣው ነገር ካለ፣ ቆራጮቹ ከመድረሳቸው በፊት ጻፉት።

ቸር እንሰንብት።